የወይዘሮ አሰለፈች መዝገብና የእኔ ስልሳ አራት ገጽ

እኛ ፋብሪካ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ አስተዳደር ቢሮ ገብቶ ይፈርማል፤ ቀጥሎ በር ላይ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይላካል፣ ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ። የተቀጠሩበት ሥራ ሰዓት መቆጣጠር ነው፤ ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ስንት ሰዓት ወጣ የሚለውን ይይዛሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በሠራተኞች ዕድር ጸሐፊነታቸው ነው። አዲሱ ሰው ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ያዩትና፣ «እናት አባትህ አሉ?» ይሉታል። መልሱን ጽፈው ሲጨርሱ፣ «ክፉ አያምጣብህና፣ ድንኳን ይዘን ብንመጣ የት ነው የምናገኝህ?» ሰው በሥራው የመጀመሪያ ቀን ስለ ለቅሶ ሲጠየቅ ደስ አይለውም። እኔንም ደስ አላለኝም። «እትዬ፣ ገና ወጣት ነኝ፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ አለፍኳቸው።

«ይሁን፣ ቦታህን ይዤልሃለሁ» አሉና ስሜን በእርሳስ ጻፉ። እሳቸው ዘንድ በእርሳስ የሚጻፈው ያልጸና ነገር ነው። እጮኛ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሠርጉ ሲበላ በእስክሪብቶ ይደመቃል። የኪራይ ቤት በእርሳስ ነው፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው በእስክሪብቶ፣ ከጎኑም «እሰይ» የምትል ቃል ይጨመርለታል።

በዛብህ እባላለሁ፤ የፋብሪካው የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ ነኝ። ፎም ፍራሽ እንሠራለን፤ ከቃሊቲ መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ሲሉ የሚታየው ሰማያዊ መጋዘን የእኛ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን አቶ የሺዋስ ከአንድ ሥልጠና ተመልሰው ቢሮ አስጠሩኝ። ሥልጠናው ልባቸውን ወስዶታል።

«ይኸውልህ» አሉኝ፣ «ሽያጭ የራሱ ኤክሴል አለው፤ ምርት ክፍል የራሱ ደብተር አለው፤ መጋዘን የራሱ ካርድ፣ አስተዳደር የራሱ ፋይል። አንድ ጥያቄ ስጠይቅ አራት መልስ ነው የሚመጣልኝ። ኩባንያው በሙሉ በአንድ መረጃ የሚመራበት ስትራቴጂ አዘጋጅልኝ። ሦስት ወር ሰጥቼሃለሁ። ቦርድ ፊት አቀርበዋለሁ።»

ስልሳ አራት ገጽ ጻፍኩ። ቀስት ያለው፣ ሳጥን ያለው፣ ባለ አምስት ቀለም ሰንጠረዥ ያለው። እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሠላሳኛው ገጽ አካባቢ ዘልያለሁ።

ነገሩ ወረቀት ብቻ እንዳይመስል ግን አንድ ነገር ሠርቼ ማሳየት ፈለግሁ። የመረጥኩት ሰርቪስ ነው። ሠራተኛው ሰባት መቶ አርባ፣ አውቶቡሱ ስድስት። አውቶቡሶቹ የት እንደሚሄዱ የሚወሰነው በልማድ ነበር፤ ሹፌሮቹና ሠራተኞቹ በመስማማት ያመቻቹታል፤ ቢሮ አያውቀውም። ይህ ለእኔ ትልቅ ኋላ ቀርነት መሰለኝ። ከአስተዳደር ኃላፊዋ ከሊዲያ የሠራተኛውን ዝርዝር ተቀብዬ አድራሻውን ካርታ ላይ ዘረገፍኩት። ሳሪስና አካባቢው በቀይ ነጥብ ተጥለቀለቀ። ኮዬ ፈጬ ላይ ያለው ነጥብ በጣት የሚቆጠር ነበር።

«ይኸው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ «አራት አውቶቡስ ሳሪስ፣ አንድ ኮዬ ፈጬ፣ አንድ አቃቂ።»

አቶ የሺዋስ ብድግ ብለው አጨበጨቡልኝ። የአንድ ሰው ጭብጨባ ይህን ያህል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። ከሳሪስ የመጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ በሩን ሲከፍት አራት ሰው ወረደ። ከሁለተኛው ሰባት። ሦስተኛውን የሚነዳው ጂራታ ብቻውን መጣ፤ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት አንገቱን አወጣና፣ «ኢንጂነር፣ የግል ሰርቪስ ስለመደብክልኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። ኮዬ ፈጬ ላይ ደግሞ ከመቶ ሃምሳ በላይ ሰው አንድ አውቶቡስ ላይ ሲጋፋ የኋላው በር ተገነጠለ። የጠዋቱ ፈረቃ ግማሹ በሚኒባስ እየተሳፈረ፣ ግማሹ የተገኘው መኪና ላይ እየተንጠለጠለ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። እስከዚያ ማሽኑ ቆሞ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ወይዘሮ አሰለፈች በሩ ላይ ሆነው የዘገየውን ሁሉ ስም ሲመዘግቡ ቆይተው ነበር። እኔን ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ማን ነው ሳሪስ ነው የሚኖሩት ያለህ?»

«መረጃው ነዋ፣ እትዬ! ፋይላቸው ላይ ያለው አድራሻ።» ተናድጄ ነበር፤ መናደድ ደግሞ ቶሎ ይቀናኛል።

«እስቲ መታወቂያህን አሳየኝ።»

አውጥቼ ሰጠኋቸው። አድራሻው የወላጆቼ ቤት ነው፣ ደብረ ዘይት። እኔ ሳሪስ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የቅጥር ፎርም ስሞላም ከዚያው መታወቂያ ላይ ነበር የገለበጥኩት።

«ሰው ቤት ሲቀይር መታወቂያ አይቀይርም» አሉኝ፣ አሁን ሳቁን ተወት አድርገው። «መሸኛ ለማውጣት ሥራ ፈቶ ማን ይመላለሳል? ቢሮ ሲጠይቀው መታወቂያው ላይ ያለውን ይሰጣል። እንዳይጣረስበት ነው፤ ውሸታም ሆኖ አይደለም። እኔ ስጠይቀው ግን ድንኳኑ የሚተከልበትን ነው የሚነግረኝ። እዚያ ላይ ማንም አይቀልድም።»

ከዚያ ቆመው፣ መዝገብ ሳይገልጡ፣ በሩን አልፎ የሚገባውን ሰው በአገጫቸው እያመለከቱ ነገሩኝ። ያቺ ኮዬ ፈጬ፣ ያ ቱሉ ዲምቱ፣ ያቺ አምና ሳሪስ ነበረች አሁን ከእህቷ ጋር ገላን፣ ያ ዚያድ፣ ፎርክሊፍቱን የሚነዳው፣ ባለፈው ወር ኮዬ ፈጬ ገባ። ሦስት ወር ሙሉ ስትራቴጂ የጻፍኩለት ነገር እኚህ ሴት ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

«እሁድ ና» አሉኝ። «ካየኸው ይገባሃል።»

በወሩ የመጨረሻ እሁድ ካፍቴሪያው ውስጥ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ዕድር ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ቆመው መዝገቡን ከአንድ ጀምረው ያነባሉ፤ ስም፣ ቤት፣ የቤተሰብ ብዛት። የተጠራው ሰው «ልክ ነው» ይላል፤ ካልሆነም ያርማል። «አንድ ልጅ ጨምሩልኝ!» «መንታ ናቸው እኮ፣ ሁለት በላቸው!» «ያ ቤት ተሽጧል፣ ብሎክ ሃያ ሦስት በሉልኝ!» ሰው ይስቃል፣ እልል ይባላል፣ እሳቸው ያርማሉ። በሌላው ስም ላይ ስህተት የሰማ ጎረቤትም ዝም አይልም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ «የመረጃ ጥራት ማረጋገጫ» ብዬ አሥራ አንድ ገጽ የጻፍኩበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ በየወሩ፣ በሻይና በዳቦ።

የማይነበብ ገጽም አለ። ከመዝገቡ ጀርባ ነው። ሰዉ ለወይዘሮ አሰለፈች ለብቻቸው የሚነግራቸው ነገር እዚያ ይጻፋል። አንዱ ከትዳሩ በፊት የወለደው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሌላው ደብቆ የሚያስታምማት እናት፣ ወይ ከቤተሰቧ የተጣላች ሴት፣ ብትሞት ማን እንዲጠራላት እንደምትፈልግ። ይህን ከእሳቸው በቀር ማንም አያየውም፤ የዕድሩ ሰብሳቢ እንኳ።

ስንወጣ ለምን ለመዝገቡ ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ጠየቅኳቸው። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ እዚያው ተወልደው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው እዚህ ፋብሪካ የፍራሽ ልብስ ሰፊ ሆነው ገቡ። እዚሁ ሲሠራ የነበረውን መገርሳን አገቡ። ሁለተኛ ልጃቸው በተወለደች በዓመቱ መገርሳ በድንገት ሞተ።

«ያን ጊዜ ቤት ቀይረን ነበር» አሉኝ። «የያኔው ጸሐፊ አላሰፈረውም። ድንኳኑን ወስደው የድሮው ደጃችን ላይ ተከሉት። የቤቱ ባለቤት በሕይወት አለ፣ ጠዋት ሲወጣ ደጁ ላይ ለቅሶኛ ተሰብስቧል። ሰውየው ሞትኩ እንዴ ብሎ ራሱን መጠርጠር!» እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ሄደና እንባው ብቻ ቀረ። «እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሰው ንቆኝ ነው አልኩ። በአርባው መዝገቡን ስጡኝ ብዬ ተረከብኩ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመቴ፤ አንድም ድንኳን ደጁን ስቶ አያውቅም። የነገሩኝም ነገር ከእኔ ወጥቶ አያውቅም።»

ሆዴ ባባ። እንዲህ የባባ ሆድ ይዤ በማግስቱ ሰኞ የሠራሁትን ሥራ ግን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ አቶ የሺዋስ ስለ አውቶቡሱ ሲቆጡኝ ራሴን ላድን ብዬ፣ «ትክክለኛው መረጃ ወይዘሮ አሰለፈች መዝገብ ውስጥ አለ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስካን አድርገህ ሲስተም ውስጥ አስገባው!»

«የዕድሩ ነው እኮ።»

«ዕድሩ የማን ነው? የሠራተኛው። ሠራተኛውስ የማን ነው? የኩባንያው!» በዚህ ሒሳብ ራሳቸውም ሳይደነቁ አልቀሩም። ቦርዱ የሚሰበሰበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቸኩለዋል። በዚያው ቀን ደብዳቤ ወጣ። መዝገቡ እስከ ዓርብ ለኩባንያው ካልተሰጠ ዕድሩ ግቢው ውስጥ ያለውን የዕቃ ግምጃ ቤት ይለቃል ይላል፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ትልልቁ ድስትም ይውጣ ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

«እኔ አንተን አምኜ ነው እሁድ ያስቀመጥኩህ፣ በዛብህ።»

«እትዬ፣ እኔ እንኳን…»

«መዝገቡን ብሰጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰጠሁትን ቃል በላሁ ማለት ነው። ባልሰጥ የሰው ሁሉ ድንኳን ሜዳ ላይ ይወድቃል። እስቲ አንተ ኮምፒዩተርህን ጠይቅልኝ፣ የትኛው ይሻላል?»

ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቢሮዬን ዘግቼ ስልሳ አራቱን ገጽ ዘርግቼ መቀነስ ያዝኩ። መጀመሪያ ሰንጠረዦቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ ቀስቶቹ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምስት ገጽ ቀረኝ። የመጀመሪያው ገጽ እያንዳንዱ መረጃ በስም የሚታወቅ ባለቤት ይኑረው ይላል፤ ሽያጩ የሽያጩ፣ ካርዱ የመጋዘኑ። ሁለተኛው መረጃው በየወሩ ጉዳዩ በሚመለከታቸው ሰዎች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የሰማም ያርም። ሌላው ስለ አሠራሩና ስለ ሲስተሙ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ለሥራው የማያስፈልግ ነገር ሠራተኛው አይጠየቅም፣ ለዕድሩ የሰጠውም የዕድሩ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ይዤው አቶ የሺዋስ ቢሮ ገባሁ። «አንድ ቅዳሜ ስጡኝ» አልኳቸው። «የአስተዳደሩን ዝርዝር ካፍቴሪያው ውስጥ እናንብበው። ከዚያ በሚገኘው አድራሻ አውቶቡሶቹን እንመድባለን። ሰኞ ሰዉ በሰዓቱ ከገባ መዝገቡ አይነካ። ካልገባ ግን እኔን አባሩኝ፣ መዝገቡንም ራሳችሁ ጠይቁ።» ለምን «አባሩኝ» እንዳልኩ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አቶ የሺዋስ አምስት ገጽ ብቻ መሆኑን ሲያዩ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ «ቅዳሜ» አሉ።

ቅዳሜ ካፍቴሪያው ሞላ። አቶ የሺዋስ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊዲያ ዝርዝሩን ይዛ ቆመችና ማንበብ ጀመረች። «ዚያድ… ሳሪስ።»

«ልክ ነው!» አለ ዚያድ።

ልክ እንዳልሆነ እኔም እሱም፣ ፎርክሊፍቱም ጭምር ያውቃል። የሚቀጥለውም «ልክ ነው»፤ ከእሱ የሚቀጥለውም። ሠላሳ ሰው አነበበች፣ ሠላሳውም ልክ ነው። ሊዲያ ቀና ብላ አየችኝ። የዕድሩን አነባበብ አምጥቻለሁ፤ የዕድሩን እምነት ግን አላመጣሁም። ሰዉ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሥራ አስኪያጅ ያያል፣ መታወቂያውን ያስባል፣ «ልክ ነው» ይላል። ዓይኔን ከወይዘሮ አሰለፈች ማንሳት አቃተኝ። ደብዳቤውን ባነበቡ ጊዜ እንዳየሁት ፊታቸው ከሆነ ዝም ቢሉኝ አይፈረድባቸውም ነበር።

«አሰለፈች… አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያ ሰፈር» አለች ሊዲያ።

ወይዘሮ አሰለፈች ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ልክ አይደለም» አሉ። «እዚያ ከኖርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ከልጄ ከየአብስራ ጋር፣ አራተኛ ፎቅ። መታወቂያዬ ግን እስከ ዛሬ አቃቂ ይላል፤ አልቀየርኩትም። አንቺ ሊዲያ፣ ይኼ የምነግርሽ ነገር ቀበሌ ይሄዳል?»

«ኧረ በፍጹም! ለሰርቪሱ ብቻ ነው» አለች ሊዲያ ደንግጣ።

«አቶ የሺዋስ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ሰዉ ከእርስዎ ነው መስማት የሚፈልገው።»

አቶ የሺዋስ ግራ ቀኝ አዩ። «ለሰርቪሱ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

ያን ጊዜ ዚያድ ከኋላ ብድግ አለ። «እኔም ትንሽ ልክ አይደለሁም!» ካፍቴሪያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ሊዲያ ከአንድ ጀምራ እንደገና አነበበች፤ ሰዉ እየተሻማ ያርማል። ፈቀደ የሚባል ሰው ስም ሲጠራ ግማሹ ካፍቴሪያ በአንድ ድምፅ «ቀብረነዋል!» አለ፤ ሊዲያ ፋይል ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃድ ሲጠራቀምለት ኖሯል። ጂራታ በፋይሉ ሴት ሆኖ ተገኘና ባልደረቦቹ እልል አሉለት። ከሁሉም በኋላ የአቶ የሺዋስ ስም ተነበበ፤ ቦሌ፣ ባለትዳር፣ ሦስት ልጆች። «ልክ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ። ወይዘሮ አሰለፈች ብቻ ትንሽ ትክ ብለው አዩዋቸው።

ሰኞ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስድስቱም አውቶቡስ በሩን አልፎ ገባ። ሦስቱ ከኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ በገላን በኩል ዞሮ ከአቃቂ፣ አንዱ ከሳሪስ። አንድም ሰው የቆመ አልነበረም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቦርዱም በሳምንቱ አምስቱን ገጽ በአንድ ስብሰባ አጸደቀው፤ ዛሬ መጋዘኑ ካርዱን፣ ሽያጩም ደንበኞቹን በየወሩ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እርማቱም ጭቅጭቁም ሳቁም የጉድ ነው። የዕድሩ ድንኳን ከግምጃ ቤቱ አልተነቃነቀም። ወይዘሮ አሰለፈች ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ለጥቂት ቀን አልታወቀኝም ነበር፤ አንድ ጠዋት ግን ሳልፍ ጠሩኝና፣ «ና ዳቦ ብላ፣ ከስተሃል» አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አቶ የሺዋስ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሥራ አስኪያጁ በዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

«ወይዘሮ አሰለፈች» አሉ፣ «እኔም ዕድሩ ውስጥ መግባት ፈልጌ ነበር።»

«ይግቡ፣ ደስ ይለናል» አሉ እሳቸው ወንበር እየሳቡላቸው። «ቤትዎን፣ ቤተሰብዎን ይንገሩኛ።»

አቶ የሺዋስ አልተቀመጡም። «ቅዳሜ ያልኩት… ሁሉም ልክ አልነበረም። ከጀርባ የምትጽፉበት አለ ሲሉ ሰምቼ ነው። እሱን ማን ያየዋል?»

«እኔ ብቻ።»

«ሰብሳቢውስ?»

«እሱም አያየውም።»

አቶ የሺዋስ ወደ እኔ ዞሩ። ወይዘሮ አሰለፈችም ዞሩ። «በዛብህ» አሉኝ ለስለስ ብለው፣ «እስቲ ውጣልን፣ በሩንም ዝጋው።»

የኩባንያው የመረጃ ኃላፊ ዳቦዬን እንደያዝኩ ውጭ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። አቶ የሺዋስ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን ቀለል ብሏል። ጥቂት እርምጃ ሄደው ደንግጠው ተመለሱና ክንዴን ያዙኝ።

«ያኔ ያዘዝኩህ ጊዜ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከመዝገቡ ስካን ያደረግኸው ነገር የለም አይደል? አንድ ገጽስ ቢሆን?»

«አንድም ገጽ የለም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ጎሽ» አሉኝና ወደ ቢሮአቸው ሄዱ። ምን እንደነገሯቸው አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።